ሦስተኛው ፎርማቴ፦ ዲስኩ አልታይ ያለኝ ሁለት ቀን

ትናንት ማታ የላፕቶፔን ዊንዶውስ ከባዶ ጭኜ ጨረስኩ። በፊት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍብኝ ተሸክሜ ወደ ባለሙያ ነበር የምሄደው። በራሴ እጅ ፎርማት ሳደርግ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ደስ ብሎኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ያንከራተተኝን ነገር ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ልጻፈው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ዊንዶውስን መልሶ የሚጭነውን ሪሴት የሚለውን ተጫንኩና "ፋይሎቼን አቆይ" መረጥኩ። ሰነዶቼና ፎቶዎቼ ቀሩ፣ የጫንኳቸው ፕሮግራሞች ጠፉ። የጠፉትን ፕሮግራሞች ዝርዝርም ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠልኝ። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው መንቀራፈፍ ተመለሰ። ስለዚህ ይሄን አማራጭ ለማንም አልመክርም። ዕቃውን ሳያወጡ እያዟዟሩ ብቻ ቤት እንደመጥረግ ነው።

በሁለተኛው "ሁሉንም አጥፋ" አልኩ። እዚህ ጋ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ማሽኑ ላይ ባሉት የሲስተም ፋይሎች ዊንዶውስን መልሶ ይጭናል፤ ሌላው አዲስ ከኢንተርኔት ያወርዳል። የመጀመሪያውን ሞከርኩ፣ መሃል ላይ ቆመና ምንም ለውጥ አልተደረገም ብሎ ተመለሰ። ፋይሎቹ ራሳቸው ተበላሽተው ከሆነ በእነሱ መጠገን አይቻልማ። ከኢንተርኔት የሚያወርደው ተሳካ። ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊበላ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስቡበት።

ሦስተኛው ላፕቶፕ ግን ሪሴት የሚባለውንም እንቢ አለ። በሁለቱም መንገድ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርጄ ፍላሽ አዘጋጀሁ። ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳሁ (ቡት አደረግኩ)፣ ቋንቋ መረጥኩ፣ የት ልጫን የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ። ዝርዝሩ ባዶ ነው። አንድም ዲስክ የለም።

ደነገጥኩ፣ ዲስኩ ሞተ አልኩ። ፍላሹን ነቅዬ ላፕቶፑን ሳስነሳው የድሮው ዊንዶውስ እንደ ልማዱ እየተጎተተ ተከፈተ። ታዲያ ዲስኩ ከሌለ ይሄ ከየት ተነሳ?

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ፍላሹን ስወቅስ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ መልሼ ሠራሁት። የምሰካበትን ቀዳዳ ቀየርኩ። ሌላ ፍላሽ ተዋስኩ። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ገብቼ ሳይ ግን ዲስኩ ስሙም መጠኑም ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው። ባዮስ ካየው ዲስኩ አልሞተም። ከባዶው ዝርዝር ሥር ደግሞ የስቶሬጅ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ጫን የሚል ጽሑፍ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ሳለ አንብቤ አልፌዋለሁ።

ነገሩ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል ቴክኖሎጂ ነው። ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ይሄ በርቶ ነው የሚመጡት። ዲስኩ ከቪኤምዲ ጀርባ ይቀመጣል። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ አስቡት። የተጫነው ዊንዶውስ ድራይቨሩ ስላለው ዘበኛውን ያውቀዋል፣ ይገባል። ፍላሹ ላይ ያለው መጫኛ ግን ድራይቨሩ ስለሌለው ዲስኩ ጋ አይደርስም።

ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት ነው። ቀላሉ ይሄ ስለመሰለኝ አጠፋሁት፣ ዲስኩም ወዲያው ታየ። ልክ ልጭን ስል ያልገለበጥኩት አንድ ፎልደር ትዝ አለኝ። ወደ ድሮው ዊንዶውስ ልመለስ ብል ሰማያዊ ስክሪን መጣ። የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻለም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ቪኤምዲን መልሼ ሳበራው ተከፈተ፣ ተመስገን። ስለዚህ የምትፈልጉት ነገር ዲስኩ ላይ ካለ ባዮስ አትነካኩ። ዲስካችሁ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነማ የባዮስ ለውጥ ባለ 48 አሃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን አስቀድማችሁ ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጡ።

ሁለተኛው መውጫ ድራይቨሩን ለመጫኛው መስጠት ነው። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ቪኤምዲን አጥፍታችሁ ዊንዶውስ ብትጭኑ፣ አንድ ቀን ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ሲመለስና ቪኤምዲ ሲበራ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊላችሁ ይችላል። ድራይቨሩ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ይባላል። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልጌ አወረድኩት። እዚህም ተሳሳትኩ። የወረደውን የመጫኛ ፕሮግራም እንዳለ ፍላሹ ላይ ገለበጥኩት። መጫኛው እሱን አያነብም። ተፈትቶ ውስጡ ያሉት ፋይሎች መውጣት አለባቸው፣ በተለይ አይኤንኤፍ የሚባለው። ፈትቼ ፎልደሩን ፍላሹ ላይ አስቀመጥኩ። ድራይቨር ጫን የሚለውን ተጭኜ ቪኤምዲ የሚለውን ፎልደር አሳየሁት። ጥቂት ሰከንድ አሰበ። ከዚያ 512 ጊጋባይቱ ዲስክ ከነፓርቲሽኖቹ (ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች ጋር) ተዘረዘረ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የዚያን ዲስክ ፓርቲሽኖች በሙሉ አጠፋሁ፣ ባዶውን ቦታ መርጬ ቀጥል አልኩ። የሚያስፈልጉትን ፓርቲሽኖች መጫኛው ራሱ ይሠራል። ከዚህ በፊት ግን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። ባክአፑ ያለበትን ዲስክ ተሳስቶ ማጥፋት የአንድ ክሊክ ጉዳይ ነው።

መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ 11 ኢንተርኔት ካልተገናኘህ አላሳልፍም አለኝ፤ የዋይፋይ ድራይቨር ደግሞ የለም። አንድሮይድ ስልኬን በኬብል ሰክቼ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋራሁት፣ አለፈ። የአክቲቬሽን ቁልፍ አልጠየቀኝም። ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የተመዘገበ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ሆነ።

ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አታስገቡ። መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴት፣ የጎደለ ካለ ከአምራቹ ገጽ። "ቀለል ያለ ዊንዶውስ" እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውንም ተዉት። ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ንጹሕ ማሽን ፈልጋችሁ ይሄን ሁሉ ከለፋችሁ በኋላ መነሻው ራሱ ንጹሕ ይሁን እንጂ።

ስለ ባክአፕ ግን ለመምከር አፌን የሚሞላ ነገር የለኝም። ሰነዶች፣ ፎቶዎች፣ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድ፣ ሁሉንም ገልብጫለሁ። ስቲኪ ኖት ላይ የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ግን የሚቀመጡት በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። በአካውንት ገብቼ ስላልነበር ሌላ የትም አልተቀመጡም። የአንድ ዓመት ማስታወሻ ሄደ። አሁንም ያንገበግበኛል። የገለበጥኩትንም በሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ደህና ሆኖ መገኘቱ ዕድል ነው።

ቀጣዩ የእህቴ ላፕቶፕ ነው፣ 12ኛ ትውልድ። ድራይቨሩን ከወዲሁ ፈትቼ ፍላሹ ላይ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ማታ አብረን ቁጭ ብለን የምትጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እንከፍታለን፣ ከስቲኪ ኖት ጀምረን።