ዓይንን በገዛ ዓይኔ የተማርኩበት መንገድ

የዓይንን ክፍሎች ከሥዕል ላይ በቃሌ ይዤ ነበር። ከፊት ካለው ግልጽ ሽፋን ከኮርኒያ ጀምሬ አይሪስ፣ ብሌን፣ ሌንስ እያልኩ ከኋላ ብርሃን እስከሚቀበለው ሽፋን እስከ ሬቲና መደርደር አያቅተኝም። አንድ ቀን ታናሽ እኅቴ ሥዕሉን አይታ «ሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስል የተገለበጠ ከሆነ፣ ለምንድነው ሁሉንም ነገር ተዘቅዝቆ የማናየው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሥዕሉን አስቀምጬ ነገሩን በእጄ ለመሞከር ተነሣሁ።

የካርቶን ሳጥን ወስጄ አንዱን ጎን በመርፌ በሳሁት፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ቆርጬ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ለጠፍኩበት። ቀዳዳው እንደ ብሌን፣ ወረቀቱ እንደ ሬቲና ነው። ከጨለማ ክፍል ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ ሳዞረው መስኮቱ ወረቀቱ ላይ ተዘቅዝቆ ታየኝ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ታች ያርፋል፣ ከታች የመጣው ደግሞ ላይ። ምስሉ ግን ደብዛዛ ነበር። ቀዳዳውን ሳሰፋው ብርሃኑ ጨመረ፣ ጥራቱ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ሰፊውን ቀዳዳ በማጉያ መነጽር ሸፈንኩትና ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ሳስተካክል ምስሉ ደመቀም ጠራም። ብሌን ብርሃን ሲበዛ እስከ 2 ሚሊሜትር ይጠብባል፣ ሲጨልም እስከ 8 ይሰፋል፤ ያለ ሌንስ ግን ደማቅም ጥርት ያለም ምስል እንደማይሰጥ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ሳጥኑ ያሳሳተኝም ነገር አለ። ቅርብ ያለን ነገር ለማጥራት ወረቀቱን ወደ ኋላ መሳብ ነበረብኝ፤ ዓይን ግን ሬቲናውን አያንቀሳቅስም። በሌንሱ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ሌንሱ ራሱ ይወፍራል። ከዚህ የባሰው ስሕተቴ ብርሃንን የሚያጥፈው በዋናነት ሌንሱ ነው ብዬ ማመኔ ነበር። ሁለት ሦስተኛውን ያህል የሚያጥፈው ከፊት ያለው ኮርኒያ ነው። ውኃ ውስጥ ዓይንን ሲገልጡ ሁሉም ነገር የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ ኮርኒያና ውኃ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚቀራረብ የኮርኒያ ጉልበት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለኮርኒያ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ያለማየት ሙከራው ነው። ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከእሱ 8 ሴንቲሜትር ርቆ በቀኝ በኩል ጥቁር ነጥብ አደረግሁ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ መስቀሉን በግራ ዓይኔ ስላየሁት ነጥቡ አልጠፋም፤ ብዙ ደቂቃም አባከንኩ። ለካ መጨፈን ያለበት ግራው ነው። ቀኝ ዓይኔን መስቀሉ ላይ ተክዬ ወረቀቱን ወደ 30 ሴንቲሜትር ሳቀርበው ነጥቡ ድንገት ጠፋ። የእይታ ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለውም፤ ፈረንሳዊው ኤድም ማሪዮት ይህን የለየው እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ነጥቡን ባለ መስመር ወረቀት ላይ ስደግመው በቦታው ጉድጓድ አልታየኝም፤ መስመሮቹ ሳይቋረጡ አለፉ። አንጎል በዙሪያው ካለው ተነሥቶ ክፍተቱን ሞልቶታል። ግላኮማ የሚባለው የእይታ ነርቭ በሽታ የጎን እይታን ቀስ በቀስ ሲያጠፋ ሰው ቶሎ የማያውቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳያመኝ ዓይኔን ማስመርመር ጀመርኩ፣ ቤተሰቤንም ጎተጎትኩ።

ሌሊት ደግሞ ደካማ ኮከብ ቀጥታ ሳየው ይሰወራል፣ ጎኑን ሳይ ይመለሳል። የሬቲና መሀል ላይ ያሉት ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን የሚለዩ ኮን የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው፤ በጨለማ የሚያዩት ሮድ የሚባሉት ሕዋሳት የሚገኙት ከዚያ ወጣ ብሎ ነው። ለዚህ ሙከራ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ መቆየት ያስፈልጋል። ስልክ አንድ ጊዜ ማብራት ልፋቱን ሁሉ ያፈርሳል።

የእኅቴ ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰም። ምስሉ ሬቲና ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ እ.ኤ.አ. በ1604 ያስረዳው ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሃንስ ኬፕለር ራሱ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚታይ ለሌሎች ትቶታል። እኔም ረጅም ጊዜ አንጎል ውስጥ ሥዕሉን የሚያቃና አንድ ቦታ ስፈልግ ከረምኩ፤ ፍለጋው ራሱ የተሳሳተ ነበር። ከሬቲና የሚወጣው ሥዕል አይደለም፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ የነርቭ ክሮች የሚሄድ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ውስጥ ተቀምጦ ሥዕል የሚያይ ስለሌለ የሚቃናም ነገር የለም። አንጎል የሬቲና ታችኛው ክፍል ሲነካ «ላይ»፣ የቀኙ ሲነካ «ግራ» ብሎ ይተረጉመዋል።

ይህን በቃል ብነግራት አላመነችኝም። መብራት አጥፍተን ዓይኗን ጨፍና፣ በቀኝ ዓይኗ የውጭ ጥግ ሽፋኑን በጣት ጫፍ በቀስታ እንድትነካ ነገርኳት። ጣቷ በቀኝ በኩል ነው፤ የብርሃን ክቡ የታያት ግን በአፍንጫዋ በኩል። ጣቷን አነሣች፣ እንደገና ነካች፣ ከዚያም መብራቱን እንዳላበራ ከልክላኝ በግራ ዓይኗ ጀመረች።