በባምኤች-ዋን አልወጣ ያለው ጂን

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጅማ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከእንሰት አጠውላጊ ባክቴሪያ ያገኘችውን 900 ጥንድ ቤዝ ያህል የሚሆን ጂን ፒዩሲ-19 የሚባል ፕላዝሚድ (ባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ክብ ዲኤንኤ) ውስጥ አስገባች። ጂኑን ያባዛችበት ፕራይመር (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ለሌላ ሥራ የታዘዘ ስለነበረ ጂኑን በቢጂኤል-ቱና በሂንድ-ስሪ፣ ፕላዝሚዱን በባምኤች-ዋንና በሂንድ-ስሪ ቆረጠች፤ ሦስቱም ዲኤንኤን የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ያለበት ቦታ ላይ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ከውጭ ታዝዞ ጅማ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው፣ በእጇ ባለው መሥራቷን ያደንቃል እንጂ አይነቅፍም። ቢጂኤል-ቱም ባምኤች-ዋንም የሚተዉት ጫፍ ያው ጂ-ኤ-ቲ-ሲ ነው፤ ጫፎቹ ይገጥማሉ፣ ላይጌዝ የሚባለው ኢንዛይም ያጣብቃቸዋል።

አማካሪዋ ፕላዝሚዱ በባምኤች-ዋንና በሂንድ-ስሪ ተቆርጦ እንዲፈተሽ አዘዙ። የዲኤንኤ ቁራጮችን በርዝመታቸው በሚለየው ጄል ላይ አንድ ባንድ (መስመር) ብቻ ታየ።

«ባዶ ነው። ባክቴሪያው የበቀለባቸውን ሳህኖች ጣያቸው» አሏት።

«ዶክተር፣ ባዶ ቢሆን በፕላዝሚዱ በራሱ ርዝመት፣ 2,686 አካባቢ ይቆም ነበር። ይህ 3,600 ላይ ነው ያለው» አልኩ።

«ታዲያ ጂኑ የታለ? ገብቶ ቢሆን ባምኤች-ዋን ያወጣው ነበር።»

ወረቀት ስቤ ጻፍኩላቸው። ባምኤች-ዋን የሚያውቀው ጂ-ጂ-ኤ-ቲ-ሲ-ሲን ነው፤ ቢጂኤል-ቱ ኤ-ጂ-ኤ-ቲ-ሲ-ቲን። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚፈጠረው ጂ-ጂ-ኤ-ቲ-ሲ-ቲ ነው፤ ይህን አንዳቸውም አይቆርጡትም። ወረቀቱን ሳያነቡ መለሱልኝ።

«እኔ ክሎኒንግ ስሠራ አንተ ፊደል አልቆጠርክም።»

ዕድሜያቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚያ መልስ ውስጥ ስለ ዲኤንኤው አንድም ቃል አልነበረም፤ ልጅቱ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ሳህኖቹን ወደ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ልትወስድ ተነሥታለች። የወራት ልፋት ነው። «አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አልኳት።

ከመጋጠሚያው ውጭ ፕላዝሚዱን የሚቆርጠውን ኢኮአር-ዋን የሚባል ኢንዛይም ከሂንድ-ስሪ ጋር ተጠቀምን፤ ጂኑ ውስጥ የሁለቱም መቁረጫ ቦታ አልነበረም። 900ው ባንድ ጥርት ብሎ ወረደ። አማካሪዋ አይተው «ቀጥዪ» ብለው አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ኢንዛይም ከመንካቱ በፊት የተጋጠመውን ቅደም ተከተል በእጁ ይጽፋል፤ በዚህ አልደራደርም። አማካሪዋም በቅርቡ ለአዲስ ገቢዎች ከሁለት ኢንዛይም ጫፎች የተዳቀለ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ በባምኤች-ዋን እንደማይቆረጥ በሚገባ ሲያስረዱ ሰማሁ። ማስረዳታቸው ተገቢ ነው። ለእኔ ምንም እንዲሉኝ አልፈልግም። ለልጅቱ ግን «ሥራሽ ትክክል ነበር» የሚል አንድ ቃል ይገባታል፤ እስካሁን አልነገሯትም።