የቮልስ ሞተር ጀነራል ስንት ያስወጣል? መጀመሪያ ብሎኩ ይለካ

ባሕር ዳር ላይ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ሞተሩን ጀነራል ላሠራው ብል ስንት ያስወጣኛል?» ማለቱ አይቀርም። ጀነራል ማለት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ያለቀውን ማደስ ነው። ሞተሩ ሳይወርድ፣ ብሎኩ (ሁሉን የሚይዘው የሞተሩ አካል) ተከፍቶ በማይክሮሜትር ሳይለካ ቁርጥ ዋጋ የሚናገር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው «ጀነራል» ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀየር፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መቀየርና ቫልቭ መሞረድ ነው። ጭሱ ለጥቂት ወራት ይጠፋል፤ የታችኛው ክፍል (ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ፣ ያለበት) ግን እንደነበረ ይቀራል።

ሥራው ፈላጊ የማያጣበት ምክንያት አለው። ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ በ2016 ከተገለጸ ወዲህ፣ እጁ ላይ ያለችውን አሮጌ መኪና የሚንቅ የለም። በዚያ ላይ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ብሎክ ከቀየራችሁ ቁጥሩም ተቀየረ፤ የጉምሩክ ሰነድ ማቅረብና ሊብሬ ማስተካከል ሊከተል ነው። ስለዚህ የድሮ መኪና ወዳጅ የሚከፍለው በዋናነት ያንኑ ብሎክ ለማዳን ነው፤ ተገቢም ይመስለኛል።

ዕቃው በዶላር የሚገዛ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይሄዳል። የ1600 ሞተር ባለ 85.5 ሚሊ ሜትር አራት ፒስተንና አራት ሲሊንደር ውጭ አገር 200 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ሲመነዘር፣ ይህ 11,400 ብር ነበር። ከዚያ በኋላ ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ግን 26,000 ብር ሆነ፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተነኩም። ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የከፈለውን እየጠሩ መከራከር አያዋጣም። ደግነቱ ቮልስ ላይ ሲሊንደር ማስቦረሽ (ውስጡን ፍቆ ማስፋት) የለም፤ ፒስተኑ ከነሲሊንደሩ ተገዝቶ ይገጠማል። ሞተሩም በአራት ቡሎን ስለሚወርድ የማውረጃ ክፍያው ትንሽ ነው።

ከማውረዳችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) አስለኩ፤ ስታስለኩ ግን ከፍታውን አትርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የኮምፕሬሽን ንባብም በዚያው ልክ ይወርዳል። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚለው ጤናማ ሞተር እዚህ 96 አካባቢ ያነባል። ይህን ያላሰበ መካኒክ ደህናውን ሞተር «ሞቷል» ብሎ ያስፈርድበታል። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በ20 ፒኤስአይ ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ስትለኩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቭ ነው።

ሞተሩ ሳይወርድ የሚታይ ሌላ ነገርም አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ከኋላ ያለውን የቺንጋ ፑሊ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። የክራንክሻፍቱ የፊትና ኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በእጅ አይታወቅም። «ጠክ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ከልክ አልፏል፤ ብሎኩ ሥራ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ዋጋውን የሚወስነው እዚህ ላይ ያለው ሥራ ነው። የቮልስ ብሎክ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚገጠም ነው። ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ፣ ክራንክሻፍቱ እየቀጠቀጠ የብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ) መቀመጫ ያሰፋዋል። ብሎኩ ሲከፈት መቀመጫዎቹን በብርሃን እዩ፦ ጠርዛቸው ላይ ጣት የሚይዘው ከንፈር ከበቀለ፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ፊት ላይ እንደ መስታወት ያበራ ቦታ ካለ፣ ብሎኩ ሲፋተግ ኖሯል። ያን ጊዜ ሁሉም መቀመጫዎች በአንድ መስመር ተቦርሸው በ0.50 ሚሊ ሜትር መስፋት አለባቸው። ለዚህ የሚሆነው ልዩ መሣሪያ ነው፤ የተለመደ ቶርኖ አይበቃም። በጥቂቱም ቢሆን ተሳስቶ የተቦረሸ ብሎክ ደግሞ መመለሻ የለውም። እዚህ የሚሠራ ካጣችሁ ወደ አዲስ አበባ መላክ ግድ ነው። መንገዱ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አብሮ የሚላከውን ክራንክሻፍት ዘይት ቀብታችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት። በተለይ በክረምት የጣና ዳር እርጥበት ራቁቱን የተቀመጠ ብረት ቶሎ ያዝገዋል።

ብሮንዚን ሲገዛ ሦስት ልኬቶች አብረው ይሄዳሉ፦ የውጩ (ብሎኩ የተቦረሸበት)፣ የውስጡ (ክራንክሻፍቱ የተሞረደበት፤ 0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ሚሊ ሜትር) እና በፍላይዊል (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል ያለው የትከሻው ስፋት። ሻጩን «ስታንዳርድ ስጠኝ» ማለት ብር መጣል ነው። ሦስቱም በወረቀት ይጻፉ፤ የለካው ሰውም ይፈርምበት። ወረቀት ለመስጠት የሚያቅማማ ቤት ሥራ አትስጡ።

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቮችን ሁልጊዜ በአዲስ ቀይሩ። ደህና ቢመስሉም በሙቀት የደከመ ቫልቭ አንገቱ ተቆርጦ ፒስተን ላይ ሲወድቅ ያወጣችሁት ገንዘብ ሁሉ ይጠፋል። ይህ በብዛት የሚደርሰው 3ኛው ሲሊንደር ላይ ነው፤ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው የዚህ ሲሊንደር የአየር መንገድ ላይ ነውና። በቫልቭ መቀመጫውና በካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ መኖሩንም ፈትሹ።

መገጣጠም ላይ ትልቁ ጠላት የጡንቻ ኃይል ነው። የቴስታታው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች 32 ኒውተን ሜትር ብቻ ይበቃቸዋል፣ ያውም በሁለት ዙርና በተራ። «ትንሽ ልጨምርለት» የሚል መካኒክ ቡሎኑን ከነጥርሱ ከማግኒዥየሙ ይነቅለዋል። የብሎኩ ትልልቅ ዳዶዎች (የቡሎን መያዣዎች) 34 ኒውተን ሜትር ናቸው። እነሱ ከጠበቁ በኋላ ክራንክሻፍቱ በእጅ ካልዞረ ወዲያው ፍቱት፤ አንዱ ብሮንዚን መያዣ ፒኑ ላይ በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርስ ላይ ያለው ነጥብ ከክራንክሻፍቱ ጥርስ ሁለት ነጥቦች መሃል ይግባ። የፒስተን ቀስት ወደ ፍላይዊል ይዙር። ፋሻው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ አፉ በፊለር ጌጅ (በስስ የክፍተት መለኪያ ብረት) ሲለካ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን።

አዲስ ሞተር ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ ደግሞ ዕቃ ውስጥ የማይቆጠረው ቆርቆሮ ነው። ሞተሩን የሚያለብሱት ቆርቆሮዎችና በዙሪያው ያለው ጎማ ከጎደሉ፣ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ይህ ሞተር ያቃጥላል። ከጀነራሉ በጀት ላይ ለቆርቆሮ የሚሆን ሳትቀንሱ አስቀምጡ።

ካርቡሬተሩ ላይ ዋናው ጄት (ቤንዚን የሚመጥነው ቀዳዳ) 127.5 ከሆነ ለዚህ ከፍታ ወደ 122.5 ቢወርድ ይሻላል። ያለዚያ ቤንዚን ይበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ አዲሱን ፋሻ ይበላል።

ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ፣ ሞተሩ እንደተነሳ 20 ደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ይሥራ፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) አትተዉት። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት ቀይሩ፣ ቫልቭም አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ በየ3,000ው። ለማለማመድ ወደ ወረታ የሚወስደው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጥሩ ነው፤ ሜዳ ስለሆነ ነዳጅ እየሰጡና እየለቀቁ ፍጥነቱን መቀያየር ያመቻል። የዓባይ በረሃን ዳገት ግን ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ሳትሞሉ አትሞክሩት።