ወረቀቱና ኢ-ሪደሩ፦ የማንበብ ልማዴን ሐዋሳ ላይ እንዴት መለስኩት

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ አቶቴ ሰፈር ከተከራየሁት ቤት ወደ ሌላ ለመዛወር ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ከአልጋዬ ሥር ለሁለት ዓመት ያህል ሳልነካው የተቀመጠውን የመጻሕፍት ካርቶን ሳብ ሳደርገው እንደጠበቅኩት አልከበደኝም። ከላይ ያለውን መጽሐፍ አነሣሁት። ሽፋኑ ደህና ነው፤ ስገልጠው ግን ከመካከሉ ጀምሮ ወረቀቱ ተበልቶ በቦታው እርጥብ አፈር ሞልቶበታል። ምስጥ ከግድግዳው ሥር ካለች ስንጥቅ ወጥቶ፣ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያለው የአፈር ቦይ በወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ በካርቶኑ ታች ገብቶ ኖሯል። ከ43 መጻሕፍት የተረፉኝ 11 ነበሩ። ካልተረፉት አንዱ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ አባቴ ፈርሞ የሰጠኝ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ፊርማው ያለበት ገጽ እንኳ አልቀረልኝም።

ያን ቀን በመጻሕፍቱ ብቻ አላዘንኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶኑን ከፍቼ ባላየው ነው እንጂ ምስጡ ያን ያህል ጊዜ ባላገኘ ነበር። ተማሪ ሳለሁ በወር ሦስት አራት መጽሐፍ እጨርስ የነበርኩ ሰው፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ቀን በመስክ ውዬ ማታ ስልኬን ስነካካ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሆኜ ነበር። የአፈር ባለሙያ በመሆኔ ወደ ቦርቻ፣ ወደ አለታ ወንዶና ወደ ሁላ ወረዳዎች እየወጣሁ ሁለት ሦስት ቀን ማደሬ የተለመደ ነው፤ ለሻንጣዬ የሚመች መጽሐፍ የለም እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር። በጎረቤታችን ያሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር የተበላውን ክምር አይተው «ልጄ፣ መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ አይቀመጥም። አየርም ዓይንም ይፈልጋል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይን የሚለውን ቃላቸውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ስድስት ኢንች ማያ ያለው ኢ-ሪደር፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ አመጣልኝ። ምስጥ የማይበላው፣ ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ የማይከብድ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት የሚይዝ ዕቃ በእጄ ሲገባ፣ የወረቀት ነገር በዚሁ አበቃ ብዬ ደምድሜ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ600 በላይ ፋይል ጫንኩበት፤ በሦስት ወር ውስጥ ከእነዚያ አንዱንም አልጨረስኩም። አንዱን አሥር ገጽ አንብቤ ትንሽ ሲከብደኝ ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ የወረቀት መጽሐፍ ይዤ ወደ መስክ ስወጣ ሌላ ምርጫ ስለሌለኝ እታገሠው የነበረውን ምዕራፍ፣ እዚህ ግን በአንድ ጣት እሸሸዋለሁ። ዛሬ በማንበቢያዬ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አላስቀምጥም፤ ሌላው ኮምፒውተሬ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ካደረግኳቸው ለውጦች ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ከእነዚያ 600 ፋይሎች አብዛኞቹ በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የአማርኛ መጻሕፍት ነበሩ። ስለ እነርሱ ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው፣ ብዙዎቹ ሰው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ያለ ደራሲው ፈቃድ የበተናቸው መሆናቸው ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ደራሲው በሕይወት ያለ፣ ከሽያጩ የሚጠብቀው ገንዘብ ያለ ሰው መሆኑን እያወቅኩ ነጥቄው ማንበቤ አሳፍሮኝ፣ በገበያ ላይ የሚገኙትን ሁሉ ደምስሼ ገዝቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው፣ እንዲያው ፈቃድ ቢኖራቸው እንኳ በስድስት ኢንች ማያ ላይ የማይነበቡ መሆናቸው ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶግራፍ ነው፤ ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማሳደግ አይቻልም። ገጹን በሙሉ ሲያሳድጉት መስመሩ ከማያው ውጭ ስለሚወጣ፣ እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ይመጣል። ሳያሳድጉት ደግሞ ፊደላችን ይበድላል፦ «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ኑ»ን ከ«ኒ» የሚለየው ከእግሩ የምትወጣው ቅጥያ መካከል ላይ መሆኗ ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው፤ በደበዘዘ ስካን ላይ ያቺ ቅጥያ ስትጠፋ ዓይን በየቃሉ እየቆመ መገመት ይጀምራል። ከሃያ ገጽ በኋላ ራሴን ያመኝ የነበረው ለዚህ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ኢፐብ የሚባለው ዓይነት ፋይል ግን ጽሑፉ ፊደል ሆኖ የተቀመጠበት ስለሆነ፣ ሲያሳድጉት መስመሩ ራሱን እያጠፈ ይወርዳል። ያገኘኋቸው ጥቂት የአማርኛ ኢፐቦች መጀመሪያ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ሆነው ታዩኝ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ ማንበቢያው የፊደሉ ቅርጽ ከሌለው ሊያሳየው አይችልም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ነፃ ፎንት አውርጄ፣ ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ፣ ፎንት በሚለው አቃፊ ውስጥ አስገባሁትና ከቅንብሩ መረጥኩት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የሁሉም ማንበቢያ አሠራር አንድ ላይሆን ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት የራስን ፎንት መቀበሉን ማረጋገጥ ይገባል።

ኢ-ሪደሩን የወደድኩት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ስታንጸባርቅ የስልክ ማያ ጥቁር መስተዋት ይሆናል፤ በዚያ ላይ የራሴን ፊት እንጂ ጽሑፍ አላይም። የማንበቢያው ማያ ግን ፀሐዩ በጠነከረ ቁጥር ይበልጥ ይነበባል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው፦ ኢ-ኢንክ በሚባለው ማያ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ከረጢቶች አሉ፤ በውስጣቸው ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪኩ ሲለዋወጥ ነጩ ወይም ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ የምናየውም እንደ ወረቀት ሁሉ ከላይ የወረደው ብርሃን ሲመለስ ነው። ቅንጣቶቹ አንዴ ቦታ ከያዙ በኋላ ገጹ ባለበት ለመቆየት ኃይል አይፈልግም፤ የሚፈጀው ገጽ ሲገለጥና ያለውን የራሱን መብራት ሲያበሩ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቻርጅ አድርጌው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይልኛል። መብራት በጠፋበት ማታና ሁላ በሚያድሩበት ብርዳማ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚነበብ ነገር ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ፣ በሻማ ያነበበ ሰው ይረዳኛል።

ይሁን እንጂ ትልቁን ስሕተቴን የሠራሁት በዚሁ ፍቅር ውስጥ ሆኜ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ስጀምር፣ የትምህርቱን ጽሑፍ ሁሉ ማንበቢያው ላይ ጫንኩ፤ ወረቀቱን ለልብ ወለድ ብቻ ተውኩት። ልብ ወለድ ሽታና ውፍረት ይፈልጋል፣ ትምህርት ግን መረጃ ስለሆነ በምንም ቢነበብ አንድ ነው የሚል እምነት ነበረኝ። በመጀመሪያው የአጋማሽ ፈተና ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ አጠቃቀም ተጠየቅኩ፤ በሥራዬም የማውቀው ነገር ነው፤ ጽሑፉንም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ ትዝ ይለኛል፤ የትኛው ምክንያት የትኛውን እንደሚከተል፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ዓይነት አፈር እንደ ተሰጠ ግን ተቀላቀለብኝ። በዚያው ፈተና ከአስተማሪያችን በወረቀት ከተሰጠን ብቸኛ ጽሑፍ የወጣውን ጥያቄ ስመልስ ደግሞ፣ ሠንጠረዡ በግራው ገጽ ከላይ እንደ ነበር፣ ከሥሩም በእርሳስ ያሠመርኩበት ዐረፍተ ነገር እንዳለ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። በወረቀት ላይ ያነበብኩት ነገር ቦታ ነበረው። በማንበቢያው ላይ ያነበብኩት ሁሉ ግን በአንድ ገጽታ ላይ የመጣና የሄደ ነበር።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ ይሆን ብዬ ጥናቶችን ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎች የነበሩባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ ከማያ የተሻለ እንደሚገባ፣ ልዩነቱም ጊዜ ተገድቦ ሲነበብ እንደሚጎላ አሳይተዋል፤ ትረካ ብቻ በሆነ ጽሑፍ ላይ ግን ልዩነት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአን ማንገንና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ 50 ሰዎች አንድ ባለ 28 ገጽ ታሪክ፣ እኩሌቶቹ በመጽሐፍ እኩሌቶቹ ኪንድል በሚባለው ኢ-ሪደር፣ እንዲያነቡ አድርጎ ሲጠይቃቸው፣ በአብዛኛው መለኪያ ተመሳሳይ ሲሆኑ የድርጊቶችን ቅደም ተከተል በማስታወስ ግን በወረቀት ያነበቡት በልጠዋል። እኔ የያዝኩት ክፍፍል ተገልብጦ የቆመ ነበር ማለት ነው፤ ለስሜቴ ያደላሁትን ወረቀት የሚፈልገው ትምህርቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገለበጥኩት። ለፈተናም ሆነ ለሥራ ላስታውሰው የሚገባኝን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳትማለሁ፤ በሁለት ገጽ ጀርባና ፊት አሳትሜ፣ አስጠርዤ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፍበታለሁ። ወጪ አለው፤ የወረቀት ዋጋ በየጊዜው እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጠቃላዩን በማንበቢያው ላይ ቃኝቼ፣ በእውነት የሚያስፈልገኝን ምዕራፍ ብቻ ለይቼ ነው የማሳትመው። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድና የጉዞ ታሪክ በሙሉ በኢ-ሪደሩ ሆነ፤ እዚህ የማይገኘውን ወይም ሲገኝ የሚወደደውን በሕጋዊ መንገድ በርካሽ አገኘዋለሁ። የአማርኛ መጽሐፍ ሁሉ ግን፣ ልብ ወለዱም ታሪኩም፣ በወረቀት ቀረ፤ አዲስ አበባ ስሄድ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እየሸመትኩ 275 ኪሎ ሜትሩን ተሸክሜያቸው እመለሳለሁ።

የማንበቢያ ሰዓቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ማታ ሞክሬው አልሆነልኝም። ስልኬ ሳሎን ውስጥ ቻርጅ እንደተሰካ ያድራል፤ የማነበው ነገር ግን ትራሴ አጠገብ ነው፤ ከእንቅልፌ ስነቃ እጄ የሚያገኘው እርሱን ነው። በዚህ መንገድ በ2016 ዓ.ም. 31 መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ 19ኙ በወረቀት፣ 12ቱ በማንበቢያው።

መጻሕፍቱንም ዳግመኛ ለምስጥ አልሰጠሁም። የብረት መደርደሪያ አሠርቼ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጌዋለሁ፤ ምስጥ ቦዩን በግድግዳና በወለል ላይ ስለሚሠራ፣ እንዲህ ሲሆን ሲመጣ ይታያል። ካርቶን ራሱ የምስጥ ምግብ ስለሆነ ከወለሉ ላይ አነሣሁት። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ መጻሕፍቱን እያወረድኩ አራግፋቸዋለሁ፤ ባለፈው ሚያዝያ በመደርደሪያው አንድ እግር ላይ የጣት ርዝመት ያለው ቦይ አግኝቼ ጠረግሁት፤ ስንጥቁንም በሲሚንቶ ደፈንኩት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መጽሐፍ የሚያውሱኝ ጋሼ ነበሩ። ኅዳጉ ላይ በቀጭን እርሳስ የጻፉባቸውን መጻሕፍት ሳነብ ከእርሳቸው ጋር የምነጋገር ያህል ይሰማኝ ነበር። ዐምና ግን ዓይናቸው ደከመ፤ በጋዜጣ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ መነጽር አድርገውም ማየት ተሳናቸው። ማንበቢያዬን ወስጄ አንድ የእንግሊዝኛ ታሪክ ከፍቼ ፊደሉን አሳደግኩላቸው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሃያ ቃል ብቻ እስኪቀር ድረስ። ዝም ብለው ሦስት አራት ገጽ ካገላበጡ በኋላ ቀና ብለው፣ «ይህ ለዓይን ዕረፍት ነው። በል እንግዲህ የአማርኛውን አምጣልኝ» አሉኝ፤ ያውሱኝ ከነበሩት መካከል የሚወዱትን ልብ ወለድ ስም ጠሩልኝ። መጽሐፉ በኢፐብ አልወጣም። ያለው ስካን ብቻ ነው፤ እርሱን ማሳደግ እንደማይቻል አስረዳኋቸው። «ታዲያ ማተሚያ ቤት ሲያትመው መጀመሪያ የሚጻፈው በኮምፒውተር አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ነው። ዛሬ የሚታተም አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ በአብዛኛው አስቀድሞ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ወደ ኢፐብ ለመለወጥ ካሊበር የመሰሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። በተመጣጣኝ ዋጋ ቢሸጥ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ። እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትምህርት በማይኖረኝ ሳምንት፣ የራሳቸውን መጽሐፍ ይዤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ፤ በእርሳስ የጻፉት ኅዳግ ላይ ስደርስም «እርሱንም አንብበው» ይሉኛል።