ጉሬዛ፣ ሶፋውና የቡናው ጆንያ

የሶፋችን የግራ መደገፊያ ጺም አብቅሏል። እውነቴን ነው። ጨርቁ ክር በክር ተመዞ፣ ተንጨባሮ፣ ከመሃሉ ቢጫው ስፖንጅ ብቅ ብሎ ያያችኋል። ዕቁብ ሲደርሰን ያሠራነው ሶፋ ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ በዚያ በኩል እቀመጥና ነጠላዬን ጣል አደርግበታለሁ።

ጥፋተኛዋ ድመታችን ጉሬዛ ናት። ስሙን ያወጣላት ልጄ ነው። ጥቁር ሆና ፊቷ ዙሪያና የጭራዋ ጫፍ ነጭ ስለሆነ፣ እዚህ ጅማ ዙሪያ ጫካ ውስጥ የምናያቸውን ጉሬዛዎች ትመስላለች። ስም ይመራል የሚሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ መጋረጃ ላይ ወጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ትዘላለች። ያመጣናት ለአይጥ ነበር። አይጡ ጠፋ። ሶፋውም ተከትሎት ሊጠፋ ነው።

ክረምት ሲሆን ይብሳል። የጅማን ዝናብ ታውቁት የለ? ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር መነጋገር አይቻልም። እሷ ደግሞ አጥር ላይ የምትጨርሰውን ጉልበት ቤት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተንጠልጥላ ቡጭር ቡጭር።

ሰው ምክር አያልቅበትም። የሥራ ባልደረባዬ ሚጥሚጣ ነስንሺበት አለችኝ። ባለቤቴ ናፍታሊን ይሻላል አለ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ «የቡናውን አተላ ሶፋው ሥር አድርጊ ልጄ፣ ሽታውን አትወደውም፣ ትሸሻለች» አሉኝ። ደግነቱ ግቢያችን የተከራየው ልጅ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። ሦስቱንም ከለከለኝ። ሚጥሚጣው መዳፏ ላይ ይቀራል፤ ስትልሰው አፏን፣ ፊቷን ስታጥብ ዓይኗን ያቃጥላታል። ናፍታሊን ለድመት መርዝ ነው። ቡናም ቢሆን ካፌይኑ ይመርዛታል። ይህን ለእማማ ሳደርስ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ቡና? በጅማ?» ብለው ሳቁብኝ። እስከ ዛሬም አላመኑም።

እኔ በራሴ የሞከርኩት ውሃ መርጨት ነበር። በካውያ ጊዜ የምጠቀምባትን መርጫ ይዤ ሳሎን ውስጥ ዘበኛ ሆንኩ። ሳምንት ያህል ጨዋ ሆነችልኝ። በኋላ ነው የነቃሁት፤ እሷ የተማረችው እኔ ሳለሁ አለመቧጨርን ነው። ጓዳ ስገባ ትጀምራለች። እናቴ ይህን ስነግራት በስልክ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብላ ዘጋችው።

አንድ ቀን ስጠርግ ምንጣፉ ላይ የጉሬዛን ጥፍር አገኘሁ። ስስ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ ጫፉ ሹል፣ ውስጡ ባዶ። ተነቅሎባት ነው ብዬ ደነገጥኩ። በወረቀት ጠቅልዬ ለተማሪው ወሰድኩለት።

«አይጨነቁ እትዬ» አለኝ። «ይሄ ልባሱ ነው። አሮጌው ሲላጥ ከሥሩ አዲሱና የተሳለው ይወጣል። የምትቧጭረው አንዱ ለዚህ ነው።»

ሌላውንም ነገረኝ። ስትቧጭር ጀርባዋንና ትከሻዋን ታፍታታለች። ለዚህ ነው ከእንቅልፍ እንደነቃች ቀጥ ብላ ወደ ሶፋው የምትሄደው። መዳፏ ሥር ደግሞ እኛ የማይሸተን ጠረን የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ። ስለዚህ ስትቧጭር «ይህ ቤት የኔ ነው» ብላ እየፈረመች ነው። ዕቁቡን የጣልኩት እኔ፣ ፊርማው የሷ!

ባለቤቴ በዚህ መሃል ገባና «ጥፍሩን አንዴ ነቅሎ መገላገልስ?» አለ። ተማሪው የራሱን ጣት አሳየው። የሚቆረጠው ጥፍሩ ብቻ ሳይሆን የጣቱ የመጨረሻ አጥንት ነው፤ እኛን ከጣታችን የመጨረሻ መገጣጠሚያ ላይ እንደመቁረጥ ማለት ነው። እንግሊዝን ጨምሮ ብዙ አገሮች በሕግ ከልክለውታል። ባለቤቴ ጣቶቹን አየት አድርጎ ዝም አለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ሳሎኑ ውስጥ ነበር። ከአያቴ የወረስኩት የጅማ በርጩማ አለኝ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው ከመለስለሱ የተነሣ የሚያንጸባርቅ። ጉሬዛ አንድ ቀን ቧጭራው አታውቅም። ጎድጓዳው ላይ ተጠቅልላ ትተኛበታለች እንጂ። ለስላሳ እንጨት ላይ ጥፍሯ የሚይዘው ነገር የለማ። የሶፋችን ጨርቅ ግን ሽመናው የላላ፣ ክሩ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ነው። እኛ «ያምራል» ብለን የመረጥነው ለሷ ተብሎ የተሠራ ነበር።

ክር ከሆነ የምትፈልገው፣ ጅማ ውስጥ ክር ሞልቷል። መርካቶ ወርጄ ያገለገለ የቡና ጆንያ ገዛሁ፤ የፕላስቲኩን ሳይሆን የቃጫውን። አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ቁራጭ ላይ ጠቅልዬ በሲባጎ ጥብቅ አድርጌ አሠርኩት። ምስማር አልተጠቀምኩም፣ መዳፏን እንዳይወጋት። አቁሜው ስትንጠራራበት ግን ተገንድሶ ወደቀባት። ለአሥር ቀን አካባቢው ድርሽ አላለችም።

ሁለተኛውን አናጢ ጋር ወሰድኩት። «ነገ» አሉኝ፤ ነገው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ግን ከሥሩ ሰፊና ከባድ ጣውላ ገጥመውልኝ ወንድ ልጅ ቢገፋው አይነቃነቅም። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሙሉ ሰውነቷን ዘርግታ መንጠራራት አለባት። መጀመሪያ ሳሎኑን አያበላሽብኝ ብዬ ጓዳ አስቀመጥኩት። ዞር ብላም አላየችው። የምትፈርመው ሰው በሚያይበት ቦታ ነው። አውጥቼ ከጺማሙ መደገፊያ አጠገብ አቆምኩት፤ መደገፊያው ላይ ደግሞ በሁለቱም በኩል የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጠፍኩበት። መዳፏ ሲጣበቅባት እንዴት እንደምታራግፈው ብታዩ፣ ጭቃ የረገጠች እመቤት ነው የምትመስለው። በሦስተኛው ቀን ወደ ጆንያው ዞረች።

ጥፍሯንም እየቆረጥንላት ነው፤ የፊቶቹን ብቻ፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ። ልጄ በፎጣ ጠቅልሎ ይይዛታል፣ እኔ መዳፏን ቀስ ብዬ ስጫነው ጥፍሩ ይወጣል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ጫፍ ብቻ ቀጨት። ወደ ሥሩ ያለው ሮዝ ክፍል ደም ሥር ስላለበት አይነካም። በአንድ ጊዜ አሥሩንም እጨርሳለሁ ብላችሁ አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ የክንዴ ጠባሳ እስካሁን አለ። ማታ ማታ ደግሞ ከእራቷ በፊት ልጄ በዱላ ጫፍ የዶሮ ላባ አሥሮ አሥር ደቂቃ ያሯሩጣታል። ከዚያ ትበላለች፣ ትላላሳለች፣ በርጩማዋ ላይ ትወጣለች።

ሶፋው ሌላ ዕቁብ ሲደርሰን በከፋይ ይለበሳል። ክሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጥፍር አይገባለትም። ጆንያው ግን ካለበት አይነሳም።

ትናንት ዝናብ መትቶት የገባው ባለቤቴ፣ መስቀያ ፈልጎ ሲያጣ፣ ጃኬቱን ጆንያው ላይ ጣል አድርጎ ቡና ሊጠጣ ተቀመጠ። የቀኝ እጅጌው አሁን ጺም አለው።