ማይል በቅናሽ ሲሸጥ እጄን የሚበላኝ ነገር

ኢሜይሉ የገባው ማታ፣ ልተኛ ስል ነው። «እስከ 100% ቦነስ! 48 ሰዓት ብቻ ቀረ!» ከጽሑፉ ሥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ሰከንዱ ሳይቀር። መብራቱን መልሼ አበራሁ።

ይህን የአየር መንገድ ኢሜይል አውቀዋለሁ፤ ማይል፣ ማለትም ትኬት የሚቆረጥበትን የበረራ ነጥብ፣ በቅናሽ ልሽጥልህ ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ያኔ የአየር መንገዱ መደበኛ ዋጋ ለአንድ ማይል 3.5 ሳንቲም ዶላር ነበር። በ100% ቦነስ 30,000 ማይል ስትገዛ 30,000 ይመረቅልሃል። 1,050 ዶላር ከፈልኩና 60,000 ማይል አካውንቴ ውስጥ ገባ። አንዱ 1.75 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ሎተሪ የወጣልኝ ነው የመሰለኝ። ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት።

«እና መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«እሱ ገና ነው።»

«ወዴት?»

«ኧረ እትዬ፣ እሱም ገና ነው። ዋናው ማይሉ መኖሩ ነው።»

ዝም አለች። ከመግዛቴ በፊት ደውዬ ያንን ዝምታ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ 1,050 ዶላሬን አተርፍ ነበር። ትንሽ ቆይቼ በ60,000 ይገኝ የነበረውን ትኬት ስፈልግ 75,000 ሆኖ ጠበቀኝ። አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ልመልስ ብል ደግሞ የተገዛ ማይል አይመለስም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። ቃል በቃል በሰማይ።

እስከዚያን ቀን ማይልን እንደ ገንዘብ ነበር የማየው። ግን ማይሉን የሚያትመውም፣ ዋጋውን የሚተምነውም ያው አየር መንገዱ ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ፕሮግራም አድቫንቴጅ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ብዙ ለበረረ ሰው ሽልማት። ዛሬ ግን ማይል ራሱ ሸቀጥ ነው፤ ለባንኮች ይሸጣል፣ ለእኔ ቢጤውም ማታ ማታ ይሸጣል። ድሮ የትኛው መስመር ስንት ማይል እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነበር። ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ያንን ሰንጠረዥ አነሳ፤ ዩናይትድ አየር መንገድ በ2019 ተከተለ። ሰንጠረዥ በሌለበት የማይል ዋጋ ልክ እንደ ትኬት ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። ዛሬ ገዝተህ ለከርሞ ማስቀመጥ ዋጋውን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ኢሜይል ላይ ተረጋግቼ ቁጭ አልኩ። ተረጋግቼ ስል፣ በተቻለኝ መጠን።

መጀመሪያ «እስከ» የምትለዋን ቃል ፈለግኩ። ሁሌም ከእሷ ጀርባ ነገር አለ። ታች ወርጄ ሳነብ 100% የሚሰጠው 30,000 እና ከዚያ በላይ ለገዛ ነው። ከ10,000 ጀምሮ 60%፣ ከ5,000 ጀምሮ ደግሞ 30%። የቦነስ ሒሳብም አታላይ ነው። 50% ቦነስ ሲባል ጆሮ በግማሽ ዋጋ ይሰማዋል። ግን 100 ከፍለህ 150 ስታገኝ ቅናሹ 33% ብቻ ነው። ግማሽ ዋጋ የሚሆነው ቦነሱ 100% ሲሞላ ነው።

ቀጥሎ ያደረግኩት ከሁለት ዓመት በፊት ማድረግ የነበረብኝን ነው። ወንበሩን ፈለግኩ። በዚህ ጊዜ መሄጃም ቀንም አለኝ። በጥሬ ገንዘብ ትኬቱ 1,190 ዶላር ነው። በማይል 70,000 እና 90 ዶላር ታክስ። 90ውን ከ1,190 ላይ ስቀንስ 1,100 ይቀራል፤ ለ70,000 ሳካፍለው አንዱ ማይል 1.57 ሳንቲም ያህል ይሠራል። የሚሸጡልኝ ግን በደህናው ቦነስ እንኳን 1.75 ነው። ሙሉውን ገዝቼ ብበር ታክሱን ጨምሮ 1,315 ዶላር ይወጣብኛል። በቅናሽ ገዝቼ 125 ዶላር ልከስር!

በነገራችን ላይ 90 ዶላር ትንሽ ነው። አንዳንዱ አየር መንገድ በማይል ለተቆረጠ ትኬትም የነዳጅ ጭማሪ ያስከፍላል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ የረጅም ርቀት በረራዎች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ዩናይትድ ደግሞ ጭማሪውን በማይል ትኬት ላይ አይጥልም። ማይሉን ብቻ ቆጥሮ የገዛ ሰው መጨረሻ ገጽ ላይ ነው የሚደነግጠው።

ማይል መግዛትን የሚያወድሱ ሰዎች ሁሌም የሚያመጡት ምሳሌ ቢዝነስ ክላስ ነው። «4,000 ዶላር የሚያወጣ ወንበር በ1,400 ዶላር ማይል ያዝኩ፤ 2,600 አተረፍኩ።» ይህን ለእህቴ ብነግራት የምትመልሰውን አውቃለሁ። «4,000 ዶላሩን መቼ ነበረህና ነው ያተረፍከው?» እውነቷን ነው። እኔ ለዚያ ወንበር 4,000 የምከፍል ሰው አይደለሁም። መጠየቅ ያለብኝ ተኝቼ ለመድረስ 1,400 ዶላር አወጣለሁ ወይ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው አዎ ቢል አልፈርድበትም። እኔ ግን አንገቴን አጣምሜም ቢሆን እተኛለሁ።

እኔን ያዳነኝ ማይል የነበረኝ መሆኑ ነው። ያንን የድሮውን ግዢና ከበረራ የሰበሰብኩትን ጨምሮ 62,000 አለኝ። የጎደለኝ 8,000 ነው። 7,000 ብገዛ በ30% ቦነስ 9,100 ይሆናል፤ ዋጋው 245 ዶላር። ከታክሱ ጋር 335 ዶላር። ከ1,190 ጋር ሲነጻጸር ምን ያስጠይቃል? ቦነሱ ከሦስቱ ደረጃዎች ደካማው ነው፤ ለእኔ ግን የሚበጀኝ እሱ ሆነ። በርግጥ 62,000ውም ነጻ አልነበረም። 855 ዶላር ሲያድነኝ እያንዳንዱ 1.38 ሳንቲም ገደማ ሠራ። በገንዘብ ብቆርጠው ኖሮ ከበረራው የማገኘው ማይልም ቀረብኝ። ይሁን።

እጄ ግን 30,000 የሚለው ቁልፍ ላይ ሄዳ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ። «ለሚቀጥለው ጉዞ ይሆናል» የሚል ድምፅ ከውስጤ ይመጣል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። 7,000 ላይ ተጫንኩ።

ከዚያ መከራው ጀመረ። ማይሉ ወዲያው ይገባል የሚል ነገር የለም፤ አንዳንዴ በደቂቃ፣ አንዳንዴ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ወንበሩ ደግሞ አይጠብቅም። የቀረው አንድ መሆኑን አይቻለሁ። በዚያ ላይ ሻጩ አየር መንገዱ ራሱ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ሽያጩን የሚያሠሩት ፖይንትስ በሚባል ኩባንያ ነው። በካርዴ መግለጫ ላይ የሰፈረውም የእሱ ስም ነው። ካርዴ ለአየር መንገድ ግዢ የሚሰጠኝ ተጨማሪ ነጥብም በዚያው ቀረ።

ገጹን ስንቴ እንደከፈትኩት አልቆጠርኩም። 62,000። 62,000። 62,000። ሻይ አፍልቼ መጣሁ። 62,000። ሻዩ በረደ። ጥርሴን ልታጠብ ሄጄ ስመለስ 71,100 ይላል። በአፌ ሙሉ ሳሙና ወንበሩን ያዝኩ። አካውንቴ ውስጥ 1,100 ማይል ቀረ። እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ኢሜይል መጣ። በብዙዎች ጥያቄ ቅናሹ በአንድ ሳምንት ተራዝሟል ይላል። የሚቆጥረው ሰዓትም አዲስ ነው።