መስታወቱ ላይ የነበረችው ነጥብ

በረራ የማስተምረው ኔቫዳ ውስጥ፣ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች በስተምሥራቅ ባለ ሸለቆ ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል። ሞተር አልባዎቹ ግላይደሮች እንደ አሞራ እየዞሩ በእሱ ይወጣሉ።

የዚያን ቀን ተማሪዬ ያገሬ ልጅ ነበር። በባለሞተር አውሮፕላናችን ከተነሣን በኋላ ታብሌቴን አውጥቼ በዙሪያችን ያሉትን አውሮፕላኖች እንዴት እንደሚያሳይ ማስረዳት ጀመርኩ። ትንሽ ጉራም ነበረበት።

«አየህ፣ አሁን በአካባቢያችን ማንም የለም።»

«ጋሼ፣ ያቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«በስተቀኝ፣ መስታወቱ ላይ። ቆሻሻ መስላኝ ነበር፤ አሁን ግን እያደገች ነው።»

ቀና ስል ነጥቧ ክንፍ አውጥታለች። መሪውን ተቀብዬው ወደ ቀኝ አጠፍኩ። ግላይደሩ በግራችን ሲያልፍ የአብራሪውን ኮፍያ አየሁት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተነፈስንም።

ልጁ ቆሻሻ መስላው መቆየቷ አይገርምም። ሊጋጭህ የሚመጣ ነገር መስታወቱ ላይ ቦታ አይቀይርም፣ ባለበት ሆኖ ነው የሚያድገው። ዐይን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ይይዛል፣ የቆመውን ይዘለዋል። ግላይደር ክንፉን ካላዘነበለ በቀር ከሩቅ ክር ነው የሚያህለው። በሕጉም ቢሆን መንገድ መልቀቅ የነበረብኝ እኔ ባለሞተሩ ነኝ።

ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2006 እዚሁ አካባቢ፣ 16,000 ጫማ ገደማ ላይ፣ ሆከር የተባለ ትንሽ ጄት ከግላይደር ጋር ተጋጭቶ ነበር። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ዘለለ፤ አፍንጫው የተቦደሰው ጄት አምስት ሰዎች እንደያዘ ካርሰን ሲቲ ላይ ጎማውን ሳያወርድ በሆዱ አረፈ። ሁሉም ተረፉ። ግላይደሩ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ያለበትን ለራዳርና ለሌሎች አውሮፕላኖች የሚያሳውቅ መሣሪያ ነበረው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ጠፍቶ ነበር እንጂ። ትራንስፖንደሩ ከጠፋ የጄቱ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ምንም አያይም፤ የእኔም ታብሌት እንደዚሁ። የአሜሪካ ሕግም ግላይደሮችን ትራንስፖንደር ከመያዝ ግዴታ በአብዛኛው ነፃ ያደርጋል። ይህን ታሪክ ለየተማሪው የምተርከው እኔው ነኝ! ያንኑ አፌን ይዤ ነው «ማንም የለም» ያልኩት።

ካረፍን በኋላ የግላይደሩን አብራሪ ፈልጌ አገኘሁት፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ክንፋቸውን እየወለወሉ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ከሩቅ ጀምሮ አይቼሃለሁ» አሉኝ። «አንተም ያየኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ታብሌቱ አሁን ለመንገድ ፍለጋ ካልሆነ በቀር ከቦርሳ አይወጣም። ልጁ ግን ከእኔ ባሰ፤ የራሱን ጨርቅ ይዞ ይመጣል፣ ከመነሣታችን በፊት የሞተችዋን ትንኝ ሁሉ ከመስታወቱ ላይ ፈግፍጎ ሳያነሣ ሞተር አያስነሣም።